በአልጋው አጠገብ የማያልፍ ደረጃ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሕሊና ሳሎን ቁጭ ብላ በላፕቶፕ ቤት ስትሠራ አገኘኋት። የእውነት ቤት አይደለም፤ ያ የኑሮ ጨዋታ የሚሉት ነው። ሰው ትፈጥራለህ፣ ቤት ትሠራለታለህ፣ እሱ ደግሞ ያበስላል፣ ይተኛል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላል። የሽሮ ሳህኔን ይዤ ከጀርባዋ ቆምኩ። ፎቅ ልታወጣ ነው። ደረጃውን አስቀመጠችና በጣቷ ጎተት አደረገችው፤ ደረጃው በራሱ ታጠፈ። ደግማ ጎተተችው፤ ደግሞ ታጠፈ። የእጅ መደገፊያው ሳይቀር ተከትሎት ወጣ።

«በቃ፣ ይኸው ነው?» አልኳት።

«ምኑ፣ አባዬ?»

«ደረጃው። እንዲህ እንደ ሽቦ ይታጠፋል?»

«አዎ። ምነው፣ አንተ ጌም ታውቃለህ እንዴ?» አለችና ሳቀች።

ሄጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሽሮው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ሐምሌ ነው፤ ከመስኮቱ ባሻገር እንጦጦ ጉም ለብሷል። እኔ ያንን ደረጃ ለማጠፍ አንድ ሙሉ ክረምት የፈጀሁ ሰው ነኝ። በዚያ ደረጃ ሰበብም ወንድም አጥቻለሁ። ይህን ለልጅ ቆሞ መናገር አይቻልም፣ ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ማሽሞንሞን አላውቅበትም። የሆነውን እንደሆነ አስቀምጠዋለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቀጨኔ ውስጥ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ እናታችን ትታልን በሞተችው የቀበሌ ቤት ከታናሽ ወንድሜ ከዳዊት ጋር እኖር ነበር። አንዲት ክፍል ናት። ቀጨኔን የሚያውቅ ያውቃል፤ እዚያ ሰፈር ቤት የሚቆመው መሬቱ ተለምኖ ነው፣ የአንዱ ጣሪያ የሌላው ደጃፍ ነው። የእኛም ቤት ጀርባዋን ለተዳፋቱ ሰጥታ፣ ከኋላ በድንጋይ ካብ ታቅፋ ነበር የቆመችው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከላይ ሰፈር የድንች ልጣጭና የልጅ ነጠላ ጫማ ይዞ በበራችን ያልፋል። ጫማውን እያወጣን ካቡ ላይ እናሰጣለን፤ ባለቤቱ በማግስቱ ወርዶ ይወስዳል።

አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ጳውሎስ አካባቢ ጎሚስታ ቤት ገባሁ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ዳዊት ዩኒፎርም ለበሰ። መስከረም ሲጠባ ደብተሩን በጋዜጣ የምሸፍንለት እኔ ነበርኩ፤ ፎቶ የሌለበት ገጽ ከሆነ ላይና ታቹን ስለማልለየው ገልብጬ እለብጠዋለሁ፣ እሱም ይስቅብኛል። አይከፋኝም ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ከወጣ ሁለታችንም ወጣን ብዬ ነው የማስበው። ኮሌጅ ጨረሰ፣ ቢሮ ገባ። ቤቱ ከእናታችን ስም ሲዛወር «በማን ይሁን?» ሲሉ «በሱ ይሁን፣ መፈረም የሚችል እሱ ነው» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ከቤታችን ከፍ ብሎ የጓደኛዬ የነስሩ አባት ሱቅ ነበር። አባቱ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ከፊት ዘይትና ስኳር ይሸጣሉ። ከኋላ ያለውን፣ ጆንያ የሚከመርበትን ጓዳ ነስሩ ለምኖ ወሰደና ሁለት ኮምፒውተር አስገባበት። የሰፈሩ ልጆች ኳስና መኪና ይጫወቱበታል። አንድ ቀን የሳይክሉን ጎማ ልለጥፍለት ሄጄ ያንን የቤት ጨዋታ ከፍቶ አሳየኝ። በዚያው ቀረሁ። እኔ ጎማውን እለጥፍለታለሁ፣ እሱ ኮምፒውተሩን ያስነካኛል። አስቀድሞ ግን እጄን በዱቄት ሳሙና ያሳጥበኛል።

«አሁንም ጥቁር ነው» ይላል መዳፌን ገልብጦ እያየ።

«ይሄ ቆዳዬ ነው።»

«ቆዳህ ማውሴን ካጠቆረው ለአባቴ የምትነግረው አንተ ነህ።»

ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ነስሩ ያነብልኛል። የሱም እንግሊዝኛ ያው ነበር፤ ግማሹን ያነባል፣ ግማሹን ይገምታል። ደግነቱ ያ ጨዋታ ብዙ ማንበብ አይፈልግም። ቦታው ከተፈቀደልህ አረንጓዴ ይሆናል፣ ካልተፈቀደልህ ቀይ። ሰዎቹም የሚያወሩት ቋንቋ የማንም አይደለም፤ ይንጫጫሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። በዚያ ቋንቋ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም እኔም እኩል መሃይም ነን። ይህ ነገር ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ዳዊት ሰላም የምትባል ልጅ ሊያገባ ቆረጠ። ሰላም ዝምተኛ ናት፣ ክፉዋን አላውቅም። ችግሩ ቤቱ ነው። በአንዲት ክፍል ሙሽሮችና ታላቅ ወንድም እንዴት ያድራሉ? መላው የታወቀ ነው፤ ቆጥ ይሠራል። የቀጨኔ ግማሹ ሰው ቆጥ ላይ ነው ያደገው። ከጣሪያው ሥር ጣውላ ትረበርባለህ፣ መሰላል ታቆማለህ፣ ወጥተህ ትተኛለህ። የእኛ ቤት ጣሪያ ለዚያ የሚበቃ ከፍታ ነበረው። ግን መሰላሉ የት ይቁም? የትም ብታቆመው በሙሽሮቹ አልጋ ራስጌ ወይም ግርጌ ነው የምታልፈው።

ዳዊት ሳይደብቅ ነገረኝ።

«ጋሼ፣ ሰላም ታፍራለች። ጠዋት ለሥራ ስትወርድ፣ ማታ ስትወጣ፣ እሷ ተኝታ... አስበው እስቲ።»

«አስቤዋለሁ።»

«በአልጋው አጠገብ የማያልፍ ደረጃ ካገኘህ እስክታረጅ ላይ ኑር። ቤቱ እንደሆነ የኛ ነው።»

ያቺን ቃል ይዤ ወደ ነስሩ ወጣሁ። በእውነተኛ ጣውላ መሞከር አይቻልም፤ ጣውላ አንዴ ከቆረጥከው አይመለስልህም። ጌሙ ላይ ግን ሠርተህ ታፈርሳለህ። መጀመሪያ ቤታችንን ሠራናት፤ በሯን፣ አንዷን መስኮት፣ ከኋላ ካቡን። መሬቱን ከፍና ዝቅ እያደረግን እንደ ቀጨኔ አዘነበልነው። ከዚያ ነስሩ ሰዎቹን ማበጀት ጀመረ።

«ዳዊትን እንዴት ላድርገው?»

«ቀጭን አድርገው። አፍንጫውን ትንሽ ቀንስለት፣ ሙሽራ ነው።»

«አንተንስ?»

«እኔን እንዳለሁ።»

«እንዳለህ ካልኩት ኮምፒውተሩ ይዘጋብኛል፣ አቦ።»

የዛሬው ልጅ አያውቀውም እንጂ ያ ጌም ያኔ ቀጥ ያለ ደረጃ ብቻ ነበር የሚያውቀው። የሚታጠፍ ከፈለግክ ሁለት አጫጭር ደረጃ ትሠራና መሃላቸው ማረፊያ ታስገባለህ። ማረፊያው ደግሞ አየር ላይ አይቆምም። ስለዚህ ከሥሩ የውሸት ግድግዳ ታቆማለህ፣ ወለሉን ታነጥፍበታለህ፣ ከዚያ ግድግዳውን ታፈርሰዋለህ፤ ወለሉ ሳይወድቅ ይቀራል። ለምን እንደማይወድቅ ዛሬም አልገባኝም። በተዳፋት ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ቀይ ነው። መጀመሪያ መሬቱን ትደለድላለህ፣ ደረጃውን ታስቀምጣለህ፣ ቀጥሎ አፈሩን ቀስ እያልክ ከሥሩ ትወስዳለህ። አንዲት ነገር ከሳትክ ጠቅላላው እምቢ ይላል። አንድ ቅዳሜ ሁሉን ጨርሰን ልናየው ስንል መብራት ሄደ። ነስሩ ሴቭ አላደረገም ነበር። ጭቃውን እየረገጠ ወጥቶ ትኩስ ፓስቲ ገዝቶ ካሰኝ፤ በጨለማው ጓዳ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን በላን።

የሠራሁት ሁሉ ይከሽፋል። በአንዱ ደረጃ ጌሙ ውስጥ ያለሁት እኔ ከሥር ቆሜ እጄን እያወናጨፍኩ እጮሃለሁ፤ መንገድ የለም ማለት ነው። በሌላው እወጣለሁ፤ ነገር ግን ሳልፍ ሰላም ከእንቅልፏ ትነቃና ታባርረኛለች።

«ወላሂ፣ ሠርጉ ሳይደርስ የወንድምህ ሚስት አባረረችህ» ይላል ነስሩ፣ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ እየደረሰ።

የሚሆነውን ያገኘሁት ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። ደረጃውን ከቤቱ ውስጥ አወጣሁት። ከጎን፣ ውኃ ከምንቀዳበት ቧንቧ አጠገብ ይነሣል፤ ግድግዳውን ታክኮ ይወጣና ጥጉ ላይ ካቡ ጫፍ ያርፋል። ያ ስንት ዘመን ጫማ ያሰጣንበት ካብ ራሱ ማረፊያ ሆነልኝ። እዚያ ይታጠፍና በቤቱ ጀርባ፣ ከጣሪያው ሥር በምትከፈት ትንሽ በር ይገባል። ጌሙ ውስጥ ያለሁት እኔ ወጣሁ። ሰላም አልነቃችም። ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። አልነቃችም። ነስሩ ጀርባዬን መታኝ።

ዳዊትን ጠርተን አሳየነው። ከቢሮ መምጣቱ ነበር፤ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት የሱሪውን እግር ጠቅልሏል።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ጋሼ» አለ መጀመሪያ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየ። «በሩ ለብቻው ነው ማለት ነው?»

«ለብቻው ነው።»

«ማንም ይሁን ማን በእኛ በኩል አያልፍም?»

«አንድ እግር አያልፍም» አልኩት በኩራት።

ራሱን ነቀነቀ። ያ ጥያቄ ምን ጥያቄ እንደሆነ ያኔ አልሰማሁትም። ጆሮዬ ሙገሳ ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲጠና ሥራ ጀመርኩ። አጣናው ከእንጦጦ የወረደ ገና እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ለጊዜው የእጄን የጎማ ሽታ ሳይቀር ሸፈነው። የእርከኑን ጣውላ ከፈረሰ ቤት ለቃቀምኩ። ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ እየቆረጥኩ፣ እየመታሁ፣ ካቡን በሲሚንቶ እያጠበቅኩ ጨረስኩት። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ወጥቶ ይወርድበታል። አንዲት አሮጊት ካቡ ላይ አርፈው ሰፈሩን ቁልቁል አዩና «እዚህ ተቀምጬ ብሞት አይቆጨኝ» አሉ። እኔ ካደግኩ በኋላ ሰው ሥራዬን አይቶ እንዲህ ሲል የመጀመሪያዬ ነበር። ጎማ ስትለጥፍ ማንም ቆሞ አያይልህም፤ ቶሎ በል ነው የሚልህ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ቀደም ብሎ የሰላም ወገኖች «ታላቁ ሳያገባ ታናሹ?» ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ዞረው እኔን አዩኝ። «ተራዬን ሰጥቼዋለሁ» አልኩ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። በሠርጉ ቀን በአባታችን ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዳዊትና ሰላም ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ። የለበስኩት ሱሪ የነስሩ ነበር፣ ጠቦኛል፤ ሲስሙኝ እንዳይተረተር ፈርቼ እግሬን ሳላጥፍ ነው የተቀመጥኩት። ሰዉ የኮራሁ መሰለው። በዚያ ዕድሜ ጉልበትህ ሲሳም ሽማግሌ ትሆናለህ። ታናሽ ወንድምህን ልጄ ማለት ያምርሃል። እኔም ብያለሁ፤ «ልጄ፣ ውለዱ ክበዱ» ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ሳምንት ከኖርኩት ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። ጠዋት በደረጃዬ እወርዳለሁ፣ በቧንቧው እታጠባለሁ፣ ከታች ሰላም ዕቃ ስታነሣ ይሰማኛል። ማንንም አላስቸግርም፣ ማንም አያስቸግረኝም። እንዲህ ነው ቤተሰብ የሚኖረው ብዬ ነበር።

ሁዳዴ መሃል ላይ አሠሪዬ በሱሉልታ መንገድ ሌላ ጎሚስታ ከፈተና እስኪደራጅ ላከኝ። እዚያው እያደርኩ ሠራሁ። ሽሮና ጎመን፣ የከባድ መኪና ጎማ፣ ከሜዳው የሚነሣ ብርድ። ፋሲካ ሲደርስ ፈቃድ ተሰጠኝ። ከመንገድ ዳር ቀይ አውራ ዶሮ መርጬ ገዛሁ። በብብቴ ይዤው ታክሲ ስገባ ረዳቱ «እሱም ይከፍላል፣ ወንበር ይዟል» አለኝ፤ ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰፈር ደርሼ በቧንቧው በኩል ዞርኩና ደረጃዬን ወጣሁ። በሩ ላይ የማላውቀው ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፌን ሞከርኩት። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ገልብጬ ሞከርኩት። ዶሮው ይንፈራገጣል።

ወርጄ ከፊት አንኳኳሁ። ሰላም ከፈተችልኝ። አየችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ጋሼ... ዳዊት አልነገረህም?»

«ምኑን?»

ገባ ብላ ዕቃዬን አመጣችው፤ በራሴ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ጥሩ አድርጋ ነው ያሰረችው፣ አይፈታም። በአንድ እጇ እሱን ሰጠችኝ፣ ሌላውን እጇን ዘርግታ ዶሮውን ተቀበለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ለበዓል ዶሮ ይዞ የመጣን ሰው ትቀበለዋለህ፣ ያደግንበት ነው። እኔም ሰጠኋት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። በሩ ተዘጋ።

ዳዊትን ዳገቱ ላይ ጠበቅኩት። ከቢሮ ሲመለስ ጥቅሌን ከሩቅ አይቶ እርምጃው ቀነሰ።

«ጋሼ፣ ልደውልልህ ነበር።»

«ላይ ያለው ማን ነው?»

«የጳውሎስ ሆስፒታል ተማሪ ነው። ሐኪም ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁ አይሰማም።»

«የኔ ይሰማ ነበር?»

«እንደሱ አትበለኝ። ሰላም ነፍሰ ጡር ናት፣ ኪራይ ያግዘናል። አንተ ደግሞ እዚያ ነህ፤ እ... ማለቴ፣ የጎሚስታ ሰው የትም ያድራል።»

«ቤቱ የኛ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«የኛ ነው። ግን በስሜ ነው፣ ነገ የምጠየቅበት እኔ ነኝ።» ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ደግሞ እኮ ያንተ ጥበብ ነው፣ ጋሼ። በየቆጡ እንዳለው መሰላል ብታቆምበት ማን ይከራየው ነበር? በሩን ለብቻው ስላደረግከው ነው።»

ይህን ያለው ሊያመሰግነኝ ነው። ክፉው ነገር የገባኝም በምስጋናው ነው። መሰላሉን አልጋቸው አጠገብ ገትሬው ቢሆን ኖሮ ያ ቆጥ ከወንድም በቀር የማንም አይሆንም ነበር። የሌላ ሰው ግርጌ እየረገጠ የሚወጣ ተከራይ የለም። ወንድም ግን ይወጣል፣ ሰላምም ታፍር ታፍርና ትለምደዋለች። እኔ ክረምቱን ሙሉ በአረንጓዴና በቀይ ስደክም የኖርኩት ራሴን ከቤቱ ለማውጣት ነበር።

ፋሲካን ጳውሎስ ጎሚስታ ቤት ከጎማዎቹ ጋር ዋልኩ። ነስሩ ነገሩን ሰምቶ ዳቦና ቅቅል እንቁላል ይዞልኝ መጣ።

«ሥጋችንን አትበላም፣ አውቃለሁ» አለ እየላጠልኝ። «እንቁላል ግን ሃይማኖት የለውም።»

የነገርኩትን ሁሉ ሰማኝ። ከዚያ «አፍርሰው» አለ። «ቤቱ የሱ ይሁን። ደረጃው ያንተ ነው።»

በማግስቱ ጓዳው ገብተን ያንን ቤታችንን ከፈተው። ማውሱን ያዝኩና ደረጃውን አንድ በአንድ ሰረዝኩት። ላይ የቀረው ግን ተማሪ አልነበረም፤ ጌሙ ውስጥ ላይ የሚኖረው እኔ ነኝ። ወደ በሩ መጣሁ፣ ወደ ታች አየሁ፣ እጄን ማወናጨፍ ጀመርኩ። ነስሩ «ካልመለስክለት ተርቦ ይሞታል» አለ። ሳልመልስለት ተነሣሁ። ነስሩ ዘጋው።

በዳግም ትንሣኤ ጠዋት የጎማ መፈልቀቂያ ብረቴንና መዶሻዬን ይዤ ቀጨኔ ወጣሁ። ዳዊትና ሰላም ለጥሪ ወደ ቤተሰቦቿ እንደሄዱ ሰምቻለሁ። ሰፈሩ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። ከታች ጀመርኩ። ብረቱን ከመጀመሪያው እርከን ሥር አስገብቼ ተጫንኩት፤ የራሴ ምስማር እየጮኸ ተነሣ። ሁለተኛውን እንደጀመርኩ ላይ በሩ ተከፈተ።

ቀጭን ልጅ ነው፣ ከኔ ብዙ አያንስም፤ መጽሐፍ በጣቱ ይዟል። ወረደና ካቡ ላይ ቆመ።

«ጤና ይስጥልኝ። ሊያድሱት ነው?»

ብረቱን ይዤ ቀና አልኩ። «ማን ነው የሠራው አሉህ?»

«አከራዬ እንደነገሩኝ አንድ የሰፈር ሠራተኛ ነው። የጎሚስታ ሰው፣ ቀጥረውት። እርስዎ ነዎት?» ፊቱ ፈካ። «በጣም ነው የወደድኩት። ከገጠር መጥቼ ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ የሰው ሳሎን ሳላቋርጥ የምገባበት ይሄ ብቻ ነው። እዚህ ካቡ ላይ ነው የማጠናው።»

«ከአንተ በፊት ማን ነበረበት?»

«ማንም አልነበረበትም። ዕቃ ማስቀመጫ ነበር ብለውኛል።»

ቆጡን መውሰዱን ችዬው ነበር እላለሁ። ነፍሰ ጡር ሚስት፣ ኪራይ፣ ኑሮ፤ ለሁሉም ቃል አለው። ዕቃ የሚለውን ግን የት ላስቀምጠው? ጉልበቴን የሳመ አፍ ነው ያለው። አንድ ተከራይ «ወንድምህ ጎሚስታ ነው እንዴ?» ብሎ እንዳይጠይቀው ነው፤ ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም፣ ብዙ ዓመት ፈልጌ አላገኘሁለትም።

«ወንድሙ ነኝ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጄን አየሁት፤ እንደዚያው ጥቁር ነው። ብረት ይዣለሁ፣ የሰው ደረጃ እየነቀልኩ ነው። ያ ልጅ ማንን ያምናል፣ እኔን ወይስ ኪራይ የሚቀበለውን?

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩት። «ምስማሩ ላልቷል ብለውኝ ላጠብቀው ነው የመጣሁት።»

ጎንበስ አልኩና የነቀልኩትን እርከን መልሼ መታሁት። ጥሩ አድርጌ ነው የመታሁት። ልጁ ሻይ ላፍላልዎት አለኝ፤ እንቢ አልኩት። ብረቴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወረድኩ፤ ወደዚያ ቤት ሁለተኛ አልወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ገብቶ አስታርቆናል፤ መስቀል ተሳልመን፣ «ይቅር ብያለሁ» ብያለሁ። አፌ ነው ያለው። ሰፈሩ ፈርሷል፣ ደረጃውም አብሮ ሄዷል፣ ዳዊት የራሱ ቤት ገብቷል። ለቅሶና ክርስትና ላይ እንገናኛለን። ተነሥቶ ወንበር ይለቅልኛል፣ «ጋሼ፣ ጤናህን እንዴት ነህ?» ይለኛል፣ «ደኅና» እለዋለሁ። ለልጄ ደግ አጎት ነው፤ እሱን አልክድበትም። ፊደል ለመቁጠር የሄድኩትም በሱ ሰበብ ይመስለኛል። ስማር ግን ያሰብኩትን ያህል አልረዳኝም። ያኔ ያልገባኝ ነገር የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ዳዊት «በሩ ለብቻው ነው?» ብሎ ፊት ለፊቴ ቆሞ በአማርኛ ነው የጠየቀኝ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ሕሊና ዛሬም እዚያው ላፕቶፑ ላይ ናት። ፎቁ አልቋል፣ መጋረጃ እየመረጠች ነው።

«አባዬ፣ ላይኛውን ክፍል ለአጎቴ ዳዊት ልሰጠው ነው» አለችኝ። «ደረጃውን በውጭ ላድርገው በውስጥ?»

«በውስጥ።»

«ሳሎኑን እኮ ለሁለት ይቆርጠዋል። እኛ ጋ ሳያልፍ መውጣት አይችልም።»

«እንደዚያ አድርጊው» አልኳት።

ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። አብሮህ የሚኖር ሰው ሲያልፍ እግርህን ትሰበስብለታለህ፣ ታጉረመርማለህ፣ ይለፍ ትላለህ። መንገዱ ለየብቻ ከሆነ በኋላ ላይ ያለው ወንድም ይሁን ዕቃ ማን ያስተውላል? እኔ ዳዊትንና ሚስቱን ከእንቅልፋቸው ላለመቀስቀስ ብዬ ነው ቤቴን ያጣሁት።